የቅዳሜ ቁርስ ተራ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ሕንፃ ሥራ በየዓመቱ ብዙ ይነገራል። ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፥ ስለ ውል አስተዳደር፥ ስለ መሠረት አጣጣልና ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የቀረቡት ጽሑፎች ተጠርዘው ቢቀመጡ አንድ መደርደሪያ ይሞላሉ። የዛሬው ርእስ ከነዚያ ጋር ሲተያይ ቀላል መስሎ መታየቱ አይቀርም፤ የቅዳሜ ቁርስ ነውና። ይሁን እንጂ ከመካከላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ፥ ጋዜጣውን በብብቱ ሸጉጦ፥ ወደ ለመዳት አንዲት ጠባብ ቤት ያላዘገመ ሰው ያለ አይመስልም። ያችም ቤት ዛሬ በቦታዋ እንዳለች በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ብዙ አይገኝም። ጉዳዩ የሙያው ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቲቱ ስትፈርስም ሆነ በምትኳ ሌላ ሲቆም፥ ነገሩ አስቀድሞ በወረቀት ተሥሎ ያለፈው በአንድ የማኅበሩ አባል ጠረጴዛ ላይ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፥ የበሰለ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ክብር ያለው ሥራ ተደርጎ አይታይም ነበር። እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ አይሸጥለትም። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በፒያሳ ባቋቋሙ ጊዜ፥ ከፍሎ የሚበላ ሰው በመጥፋቱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው እንዳለማመዱ ሲወርድ ሲዋረድ በቃል ይነገራል። ታሪኩ በተነገረ ቁጥር እየተዋበ መሄዱ አያጠራጥርም፤ ፍሬ ነገሩ ግን የሚታመን ነው። ሰው ከቤቱ ውጭ ተቀምጦ፥ የማያውቀው ሰው እያየው፥ ከፍሎ መብላትን መማር ነበረበት። ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ብርቱ ጉዳት ቢያገኘውም ታድሶ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትምህርት ፈጣን ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች ገብተው በ1933 ዓ.ም. ሲወጡ የቡና መኪናቸውን ልማድ ትተው ሄዱ፤ ከተማይቱም ልማዱን ከወራሪው ነጥላ ለራሷ አደረገችው። ማኪያቶ በአገሩ ቋንቋ ነጠብጣብ ያለበት ማለት ነው። አዲስ አበባ ግን "ጠቆር ያለ"፥ "ነጣ ያለ" እያለች እንደ ሰው መልክ ለያይታ ታዝዘዋለች። በ1953 እ.ኤ.አ. በፒያሳ የተከፈተው ቶሞካ ደንበኛውን ቆሞ ቡና መጠጣት አስለመደው። ቁርሱ ግን ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። ፉል በዐረብኛ ባቄላ ማለት ሲሆን፥ አሠራሩ ከቀይ ባሕር ማዶና ከሱዳን በኩል ከነጋዴ ጋር ተጉዞ እንደ ደረሰ ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ባቄላው ግን የደጋው ገበሬ ባቄላ ነው። ጨጨብሳ ከኦሮሞ ቤት ወጥቶ የከተማው ሁሉ ሆነ። ፍርፍርና ቅንጬ ደግሞ ከየሰው ጓዳ ወጥተው በሳህን ተቀመጡ። የሰፈር ቁርስ ቤት የምትባለው የነዚህ ሁሉ መገናኛ ናት።

ስለ ጠቅላላው ይህን ያህል ከተባለ፥ አንዲቱን ቤት ለይቶ መመልከት ይሻላል።

ቤቲቱ በካዛንቺስ ነበረች። የሰፈሩ ስም ራሱ ለዚህ ማኅበር አባላት የሚነግረው ነገር አለው። በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራው ድርጅት ኢንቺስ በሚል ምህጻረ ቃል ይታወቅ ነበር። "የኢንቺስ ቤቶች" የሚለው የጣሊያንኛ አጠራር በአዲስ አበቤ አንደበት ተጠቅልሎ ካዛንቺስ ሆነ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአንድ የቤቶች ፕላን ነው ማለት ነው።

ሰሌዳ አልነበራትም። ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ተወርዶ ይገባባት ስለ ነበር፥ ደንበኞቿ "ደረጃው ጋ እንገናኝ" ይባባሉ ነበር። ደረጃዎቹ ሲሠሩ ያየ ሰው ግን የለም። ከደንበኞቿ አንዱ የሆነ አንድ አርክቴክት አንድ ቅዳሜ ቁርሱ እስኪደርስ ድረስ የመንገዱን ጠርዝ ቢመረምር ምስጢሩ ተገለጠለት። ቤቲቱ ስትሠራ ከመንገዱ እኩል ነበረች። መንገዱ በታደሰ ቁጥር አስፋልት በአስፋልት ላይ እየተደረበ ከፍ ሲል እርሷ በነበረችበት ቀረች። የመጀመሪያው እርከን ከሁለተኛው፥ ሁለተኛውም ከሦስተኛው በአሠራሩ የሚለየው በዚሁ ምክንያት ነበር። ባለቤቲቱም ይህ በተነገራቸው ጊዜ፥ "ታዲያ መንገዱ ነው የሄደው፤ እኔ የት ሄድኩ?" ብለው መለሱ።

ውስጧ 4 ሜትር በ5 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ግድግዳዋ ጭቃ፥ እስከ እኩሌታው አረንጓዴ የዘይት ቀለም የተቀባ፤ ኮርኒሷ አቡጀዲ ነበር። ከአራቱ ጠረጴዛዎች አንዱ በአሮጌ የሲንገር መኪና እግር ላይ የቆመ ስለ ነበር፥ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሳያስበው መርገጫውን እየረገጠ ይበላል። የግድግዳው ሰዓት ሩብ ሰዓት ይቀድማል። አንድ እንግዳ ሰው "ሰዓቱ ተሳስቷል" ቢላቸው፥ ባለቤቲቱ ሥራ ያለው እንዳይረፍድበት፥ ሥራ የሌለውም ወንበር እንዲለቅ ሆን ተብሎ እንደ ተሞላ አስረዱት።

የምግብ ዝርዝር የሚባል ነገር አልነበረም። ፉል አለ፤ ጨጨብሳ አለ፤ እንቁላል በስልስ አለ፤ አንዳንድ ቀን ቅንጬ ይኖራል። ከሁሉም የሚበልጠው ፉሉ ነበር። ባቄላው ዓርብ ከቀትር በፊት ይዘፈዘፋል፤ ማታ ከሰል ላይ ተጥዶ ክዳኑ ተከድኖ ያድራል። ያለ ችኮላ በትንሽ እሳት ሲበስል ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ ውስጡ ቅቤ ይሆናል። ጠዋት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ግርጌ ይደቆሳል፤ ግን እስኪልም አይደለም፤ ከሦስት ፍሬ አንዱ እንዳለ መቅረት አለበት። በላዩ ዘይት፥ የተከተፈ ሽንኩርት፥ ቲማቲም፥ ቃሪያ፥ ከሙን፥ ትንሽ በርበሬ ይደረጋል። የፍስክ ከሆነ እርጎና እንቁላል ይጨመራል። ዳቦው ከጎን ካለው ዳቦ ቤት በጨርቅ ተጠቅልሎ ትኩሱን ይመጣል። ሰው ዳቦውን ቆርሶ ከዳር ወደ መሐል እየጠረገ ይበላል። ከመሐል የጀመረ ሰው ልጅ ሆኖ ያላደገ እንደሆነ ይታወቃል።

ቡና የቤቲቱ ሥራ አልነበረም። የጀበናው ቡና ከደጃፉ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ከተቀመጠች አንዲት ሴት ይመጣል። ማኪያቶ የፈለገ ሰው ደግሞ ከማዶው ኬክ ቤት ያስመጣል። አስተናጋጁ ልጅ ትሪውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ፥ በታክሲዎች መካከል አስፋልቱን ተሻግሮ፥ ሦስቱን ደረጃ ወርዶ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ያቀርባል። ደረጃው ላይ ሊስትሮው ይጠርጋል፤ ሎተሪ አዟሪው ይገባል፥ ይወጣል። አንዲት ምድጃ ስንት ሰው ታሳድር እንደ ነበር ለመቁጠር የሚሻ ሰው ከዳቦ ቤቱ ጀምሮ ቢቆጥር ሁለቱም እጆቹ አይበቁትም። በከተማ ፕላን ጥናት ላይ ግን ይህ ሁሉ "ጊዜያዊ ግንባታ፥ 1" ተብሎ በአንድ መስመር ተመዝግቦ ነበር።

የዚህች ቤት ዋና ሕግ ማንም ሰው ብቻውን እንዳይበላ ነበር። ብቻውን የመጣ ሰው ካለበት ገበታ ይቀላቀላል። "እንብላ" ማለት በአማርኛ የጨዋ ደንብ ነው፤ በብዙ ቦታ ግን የሚመለሰው መልስ "መልካም ምግብ" ሆኖ ሁሉም በየሳህኑ ይቀጥላል። እዚህች ቤት "እንብላ" የተባለ ሰው ወንበር ይሳብለታል። እንዲህ ሆኖ ነው አምስት የማይተዋወቁ ሰዎች በሲንገሩ ጠረጴዛ ዙሪያ የቅዳሜ ማኅበርተኞች የሆኑት፤ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ፥ አንድ ልብስ ሰፊ፥ አንድ የታክሲ ሾፌር፥ ከሌሊት ተራዋ የምትወጣ አንዲት ነርስና ከላይ የተጠቀሰው አርክቴክት። ለነርሷ ቁርሱ ራቷ ነበር፤ በልታ ትተኛለች። ለቀሩት የቀኑ መጀመሪያ ነው። አርክቴክቱ አርክቴክትነቱን ሃያ ዓመት ሙሉ ቢያስረዳም "ኢንጂነር" ከመባል አልዳነም። ይህ የማኅበሩ አባላት ሁሉ ዕጣ ስለሆነ ሐተታ አያሻውም።

ልብስ ሰፊው ሙስሊም፥ ሌሎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። ፉል ለከተማ ኑሮ ያለው ትልቅ ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል። በሥጋ ገበታ የክርስቲያንና የእስላም ቢላዋ የተለያየ ስለሆነ ወዳጆች እንኳ በሁለት ትሪ ይቀርባሉ። ባቄላ ግን ማን እንደ ባረከው አይጠየቅም። እንቁላልና እርጎ ሲቀርለት የጾም ይሆናል፤ በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው ጠዋት ወጥቶ ምእመኑ ቁርስ ሲፈልግ፥ ያው ገበታ ሳይፈርስ ይጠብቀዋል። ለዚህም ሲባል ባለቤቲቱ የጾሙንና የፍስኩን መጥበሻ በሁለት የተለያየ ሚስማር ይሰቅሉ ነበር። የጾሙን መጥበሻ የነካ አስተናጋጅ ምን እንደሚደርስበት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። በረመዳን የልብስ ሰፊው ወንበር ባዶ ይቀመጣል እንጂ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። በኢድ ማግስት ቅዳሜ ግን እርሱ ያለ ተራው ለሁሉም ይከፍላል።

ተራ የሚለው ቃል ከዚህ በኋላ ማብራሪያ ይሻል። ቀድሞ ሒሳብ በመጣ ጊዜ በሲንገሩ ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው በየትም ቤት እንደሚሆነው ነበር። "በሞቴ!" ይላሉ ዳኛው። "እኔ እያለሁ?" ይላል ሾፌሩ። ልብስ ሰፊው ዝም ብሎ በጀርባ በኩል ዞሮ ለልጁ ሊሰጥ ሲሞክር ይያዛል። አንድ ቅዳሜ በዚህ ትግል ትሪ ተገልብጦ ሦስት ብርጭቆ ተሰበረ። ባለቤቲቱ ከጓዳ ወጥተው፥ "ከዛሬ ወዲያ ተራውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያልጠራሁት አይከፍልም" ብለው ደነገጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገብ ሳይኖር፥ ወረቀት ሳይያዝ፥ በየቅዳሜው አንድ ሰው በጣት እየተጠቆመ ይከፍላል። ዳኛው በችሎት ዘመናቸው ይግባኝ የሌለበት ፍርድ ያዩት በዚህች ቤት ብቻ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

ታዲያ ይህ ሥርዓት አንድ ረቂቅ ነገር ነበረው፤ የተገነዘበውም ዘግይቶ አርክቴክቱ ነው። ሾፌሩ መኪናው ሞተሩ ተቃጥሎ ሦስት ወር ያለ ሥራ በቆየ ጊዜ ተራው አልተጠራም። ማንም አልጠየቀም፤ እርሱም አልጠየቀም። መኪናው በተጠገነ በሁለተኛው ቅዳሜ ጣታቸው ወደ እርሱ ተዘረጋ። ሾፌሩም እንደ ተሾመ ሰው ተነሥቶ ከፈለ።

ይህች ቤት ለምን በዚያ ዋጋ ማብላት ቻለች? ምስጢሩ የባለቤቲቱ ደግነት ብቻ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፥ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። አዋጁ በባለንብረቶች ላይ ያደረሰው በደል ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ እዚህ አይነሣም። ነገር ግን ሳይታሰብ ያስከተለው አንድ ነገር አለ። ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ከገበያው በታች ስለ ቆየ፥ በከተማይቱ መካከል፥ ከመሥሪያ ቤቶችና ከሆቴሎች ጎን፥ ትርፋቸው አነስተኛ የሆኑ ሥራዎች መኖር ቻሉ። በኪራዩ ማነስ የተነሣ ቤቱን ማን ያድስ የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ፥ ቦዩ ክፍት፥ መጸዳጃው የአሥራ አንድ ቤተሰብ ሆኖ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቁርሱን ማማር የሚያወሳ ሰው መጸዳጃውን ቢዘነጋ ሐቀኛ አይሆንም። ነርሷ ስለዚያ ቦይ ስትናገር ዳቦዋን አስቀምጣ ነበር የምትናገረው።

የፈረሰው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙው ክፍል በኮሪደር ልማቱ ተነሥቶ ስለ ነበር፥ የካዛንቺስ ሰው ተራው እንደሚደርሰው ያውቅ ነበር፤ ማወቅና ዕቃ ማሰር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመጨረሻው ቅዳሜ አምስቱም መጡ። ግድግዳው ላይ ሰዓቱ አልነበረም፤ መጥበሻዎቹ በጆንያ ገብተዋል፤ ፉሉ ግን ዓርብ ማታ ተጥዶ ነበር። በልተው ሲጨርሱ የዚያ ቀን ተራ የአርክቴክቱ እንደሆነ እርሱ ራሱ ቆጥሮ ስለ ደረሰበት ገንዘቡን አወጣ።

"እትዬ፥ ዛሬ የኔ ነው" አላቸው።

"አልጠራሁህም" አሉት።

"ዛሬ ካልከፈልኩ መቼ ልከፍል ነው?"

"ቤት ሲፈርስ ሒሳብ አይዘጋም፤ አስቀምጠው።"

ገንዘቡን ወደ ኪሱ መለሰ። ዳኛው እንደ ልማዳቸው በፍርዱ ላይ አስተያየት አልሰጡም።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይህ ነው። ዳኛው አያት ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ ልብስ ሰፊው መኪናውን ወደ መርካቶ ወሰደ፤ ባለቤቲቱ በከተማይቱ ዳር በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ መኖሪያ አገኙ። መኖሪያው ውኃ አለው፥ መጸዳጃው የራሳቸው ነው፤ ለዚህ ምስጋናቸውን አላጓደሉም። ሆኖም ከሰል ላይ የሚያድር ባቄላ በአራተኛ ፎቅ አይታሰብም። በኤሌክትሪክ ምድጃ ሞክረው ነበር፤ ባቄላው በሁለት ሰዓት በሰለ። "በሰለ እንጂ አልደረሰም" ብለው ድስቱን ለጎረቤት ልጆች ሰጡት።

አርክቴክቱ በአዳዲሶቹ ቤቶች ቁርስ መብላት ሞከረ። ወንበሩ ምቹ፥ መስተዋቱ የጠራ፥ ማኪያቶው የማያሳፍር ነው። አስተናጋጇ "ስንት ሰው ናችሁ?" አለችው። "አንድ" ሲል አነስተኛ ጠረጴዛ ተሰጠው፤ ፉሉም በአንድ ሰው ልክ በሸክላ ሳህን ቀረበ። ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው "እንብላ" ቢለው ሰውየው በትሕትና ፈገግ ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ጥፋት ያጠፋ ሰው አልነበረም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለሁለት ሳህን የሚሆን ቦታ እንኳ አልነበረምና። አርክቴክቱም እንደ ሙያው የጠረጴዛውን ስፋት በስንዝር ለካ፤ ስልሳ ሴንቲ ሜትር በስልሳ ነበር።

በዚያው ሰሞን በዚሁ አርክቴክት ጠረጴዛ ላይ የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ንድፍ ነበር። ምድር ቤቱ ከዋናው መንገድ ፊት ለፊት አምስት ክፍተት ሲኖረው፥ የእያንዳንዱ ስፋት 6 ሜትር ነው። ባለንብረቱ ገና ከመጀመሪያው ምድር ቤቱን ለባንክ አስበውታል። አስተሳሰቡም የተለመደ ነው፤ ባንክ ኪራይ አያጓድልም፥ ጭስ የለውም፥ ማታ ይዘጋል። በከተማይቱ አዳዲስ መንገዶች ዳር የሚሄድ ሰው ከመስተዋት ወደ መስተዋት፥ ከባንክ ወደ ባንክ የሚያልፈው ስለዚህ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በተጀመሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶችም የምድር ቤት ሱቆች በጨረታ ሲሸጡ፥ ባቄላ በከሰል የምታበስል ሴት ጨረታ እንደማታሸንፍ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም ነበር።

አርክቴክቱ ዋናውን መንገድ ለባንኩ ትቶ፥ ወደ ውስጥ በሚገባው መተላለፊያ በኩል ሦስት ጠባብ በሮች ሣለ። ከእያንዳንዱ በር በስተ ኋላ 3 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ክፍል አለ። ክፍል መሣል ቀላል ነው፤ ክፍሉን ቁርስ ቤት የሚያደርገው የማይታየው ነገር ነው። ጭስ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚወጣበት መስመር ያስፈልጋል፤ ይህም በየፎቁ ቦታ ይበላል። ውኃ መግባትና መውጣት አለበት፤ ቅባቱ የሕንፃውን ቧንቧ እንዳይዘጋ ማጥመጃ ጉድጓድ ይሻል። ይህ ሁሉ ከመነሻው ካልታሰበ ሕንፃው ካለቀ በኋላ አይጨመርም፤ ቢጨመርም ጭሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የሕክምና ክፍል ይሞላና ባለምድጃዋ ትባረራለች። በከተማይቱ ስንት ሕንፃ ላይ የሰፈር ቁርስ ቤት ያልገባው ማንም ከልክሎ ሳይሆን ማንም ጭስ ማውጫ ሳይሥልለት ቀርቶ ነው።

ባለንብረቱ ንድፉን ባዩ ጊዜ እርሳስ አንሥተው ሦስቱን በሮች አንድ በአንድ መቱ። "ኢንጂነር፥ ይሄ ምንድን ነው? ጉረኖ ነው?" አሉት።

አርክቴክቱ ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ቢያወራ እንደማይሰማ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በቁጥር መጣ። የመተላለፊያውን ጎን ባንኩ አይፈልገውም፤ መጋዘን ቢሆን ኪራዩ የመጋዘን ነው፤ ትናንሽ ክፍሎች ግን በካሬ ሜትር ሲታሰብ ከትልቅ አዳራሽ ይበልጥ ይከፈልባቸዋል። ጭስ ማውጫው ከውኃ ቧንቧዎቹ መውረጃ ጎን ቢሄድ ለብቻው የሚበላው ቦታ ጥቂት ነው። ክርክሩ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ ከሦስቱ በሮች አንዱ ተፈቀደ፤ እርሱም ከጄኔሬተሩ ክፍል አጠገብ ያለው፥ ሰው የማይፈልገው ነው። አርክቴክቱ ሁለቱን በሮች በላጲስ ሲያጠፋ አልተከራከረም። ጭስ ማውጫውን ግን ለሦስቱም በሚበቃ ስፋት እንደ ነበረ ተወው፤ ይህን ባለንብረቱ እስካሁን ልብ አላሉም።

ሕንፃው ዛሬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብረት ሲገኝ ይሠራል፥ ሲጠፋ ይቆማል። ባለቤቲቱ ግን ሕንፃ እስኪያልቅ የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። በገርጂ በኩል ከአንድ ቪላ ግቢ የመኪና ማደሪያውን ተከራይተው፥ በሩን ወደ ውጭ አስከፍተው፥ ከሰላቸውን አቀጣጠሉ። ውሉ የስድስት ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ምን እንደሚያስቡ አይታወቅም። ደረጃ የለውም፤ መኪና እንዲገባበት የተሠራ ስለሆነ ወደ ውስጥ ተዳፍቷል፥ ጠረጴዛዎቹም በአንድ ወገን እግራቸው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎላቸዋል። ሰዓቱ ተሰቅሏል፤ ሩብ ሰዓት ይቀድማል። የሲንገሩ እግር በመጓጓዝ ላይ ስለ ተሰበረ አልመጣም።

አርክቴክቱ ሁለት ታክሲ ይዞ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ሾፌሩ ቀድሞት ዳኛውን ከአያት አምጥቷቸው ነበር። ነርሷ ሥራ ቀይራ አሁን የቀን ስለሆነች፥ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ገበታ ቁርስን እንደ ቁርስ ልትበላ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊው አልመጣም፤ መርካቶ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ወንበሩ ግን ተስቦ ተቀምጧል። ከጎረቤት ግንበኞች አንዱ ብቻውን ገብቶ ቢቆም፥ "እንብላ" ተብሎ በዳኛውና በሾፌሩ መካከል ተሸጎጠ። ፉሉ ዓርብ ማታ የተጣደ ነበር።

በልተው ሲጨርሱ ባለቤቲቱ እጃቸውን በሽርጣቸው አብሰው ወጡና ጣታቸውን ዘረጉ።

"ኢንጂነር፥ ተራው ያንተ ነው።"

አርክቴክቱ ለዛሬው በአዲሱ ዋጋ፥ ለዚያኛውም ቅዳሜ በአዲሱ ዋጋ አስቦ ገንዘቡን አኖረ። ባለቤቲቱ ቆጠሩት፤ ደግመው ቆጠሩት። ከመካከሉም ብሮች ነጥለው መለሱለት።

"ያኛው በድሮው ዋጋ ነው" አሉትና ወደ ምድጃቸው ገቡ።